ልጆች ባሉበት ቤት የተቀመጠች ሽጉጥ

የሐዋሳ አመሠራረት ሲወራ ከሐይቁና ከታቦር ተራራ ቀጥሎ የጡረተኛ ወታደሮች ነገር ይነሣል። ከተማዋ በ1950ዎቹ መጀመሪያ፣ በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ስትቆረቆር ቦታ ተመርተው ከሰፈሩት ቀደምት ነዋሪዎች መካከል ከሠራዊቱ በጡረታ የተሰናበቱ አባቶች ነበሩ። የወታደር ቤት ነውና ከካፖርቱና ከኒሻኑ ጋር መሣሪያም በአንዳንዱ ቤት አይጠፋም ነበር። ከዚያ በኋላም ሦስት መንግሥታት ተፈራርቀዋል፤ ከሥራው ጠባይ የተነሣ የታጠቀ፣ ለንግዱ ፈርቶ የገዛ፣ ከወንድሙ በአደራ ተቀብሎ የቀረ ብዙ ነው።

ዛሬ በእነዚያ ግቢዎች ያደጉት ልጆች አያት ሆነዋል። ቤቱ ታድሷል፣ ቆርቆሮው ተቀይሯል፣ በጓሮ የሚከራይ ክፍል ተሠርቷል። ቁም ሣጥኑ ላይ በጨርቅ ተጠቅልላ የተቀመጠችው ነገር ግን በአንዳንድ ቤት ዛሬም እንዳለች ናት። ማን እንደሚያውቃት ሲጠየቅ አባወራው «ከእኔና ከባለቤቴ በቀር ማንም አያውቅም» ይላል። ከረሜላ የተደበቀበትን፣ የአባባን ስልክ የይለፍ ቁጥር፣ እማማ የእቁብ ብር የምታስቀምጥበትን ቦታ የሚያውቅ ልጅ ይህን አያውቅም ብሎ ማመን እንዴት እንደሚቻል አላውቅም።

ይህ ጽሑፍ ሽጉጥ ግዙ አይልም። የእኔን አስተያየት ለሚጠይቅ ልጆች ባሉበት ቤት ባይኖር ይሻላል ባይ ነኝ። ነገር ግን ፈቃድ አውጥቶ የያዘ ሰው አለ፤ ከአባቱ የቀረለትም አለ። ለእነዚህ ቤተሰቦች ደግሞ «አይኑር» ማለት ብቻ አይበቃም፤ ምን ዓይነት እንደሆነች፣ እንዴት እንደምትጸዳ፣ የት እንደምትቀመጥና ምን ሊደረግባት እንደማይገባ መነጋገር ያስፈልጋል።

ትንሽ ስለሆነች

በአገራችን በብዛት የሚታወቁት ሽጉጦች ከሶቪየት ኅብረት ወዳጅነት ዘመን የቀሩት ማካሮቭና ቶካሬቭ ናቸው። ከእነሱ በተለየ «ሀያ ሁለት» የምትባለው ትንሽ ጥይት የምትጎርስ ሽጉጥ አለች። ቁጥሩ የጥይቷን ውፍረት በኢንች ይናገራል፤ በእኛ መለኪያ 5.6 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። እርሳሷ ብቻዋን ብትመዘን በተለመደው ዓይነት 2.6 ግራም ገደማ ናት። ድምፅዋ ከትልልቆቹ ያነሰ፣ ወደ ኋላ የምትመታው ኃይል ቀላል በመሆኑ በዓለም ዙሪያ ዒላማ መተኮስ የሚማሩ ሰዎች የሚጀምሩት በእሷ ነው።

አሠራሯም ለየት ይላል። በትልልቆቹ ጥይቶች የሽጉጡ መርፌ የሚመታው ከቀለሁ ቂጥ መሐል የተቀመጠችውን ክብ ነገር ነው። በሀያ ሁለት ግን እሳት የሚያስነሣው ቅመም በቀለሁ የታጠፈ ጠርዝ ውስጥ ዙሪያውን ተቀብቷል፤ መርፌው ጠርዙን ሲጨፈልቀው ባሩዱ ይቀጣጠላል። ይህ አሠራር አዲስ አይደለም። ስሚዝና ዌሰን የተባለው የአሜሪካ ፋብሪካ የመጀመሪያውን ባለ ሀያ ሁለት ሽጉጥ ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1857 ነበር፤ የዐድዋ ጦርነት ገና 39 ዓመት ይቀረው ነበር ማለት ነው። ዛሬ በስፋት የሚሠራባት ረዘም ያለችዋ ጥይት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1887 መጣች።

ትንሽነቷ ብዙ ሰው ያዘናጋል። «የወፍ መምቻ ናት» ይባላል። ይህቺ የወፍ መምቻ ከፍ ተደርጋ ብትተኮስ እርሳሷ ከ1 ኪሎ ሜትር በላይ ትሄዳለች። ከመናኸሪያ አካባቢ ተነሥታ ስንት ግቢ፣ ስንት ትምህርት ቤት አልፋ እንደምታርፍ አስቡት። በአምስት ሜትር ርቀት ላይ ለቆመ ልጅማ ልዩነት የለውም፤ ትንሽ ጥይትም ትገድላለች።

ሽጉጥን ከፊልም ለሚያውቁ ልጆች የማንነጋገርበት ሌላም ምስል አለ። በ2024ቱ የፓሪስ ኦሊምፒክ ዩሱፍ ዲኬች የተባለ ሽበት ያለው የቱርክ ተኳሽ አንድ እጁን ኪሱ ከትቶ፣ እንደ ሌሎቹ የተለየ መነጽር ሳያደርግ ሲተኩስ የተነሣው ፎቶ ዓለምን አዳርሷል። ከሼቫል ኢላይዳ ታርሃን ጋር የብር ሜዳሊያ አግኝቶበታል። እሱ የያዘው በአየር ግፊት የሚሠራ ነበር። ሀያ ሁለት በኦሊምፒክ የሚተኮሰው በ25 ሜትር ውድድሮች ነው። ልጆቻችሁ ፎቶውን አይተው «እኔም» ካሉ ለመነጋገር ጥሩ አጋጣሚ ነው፤ ሰውየው በዚያ ቦታ ለመቆም ስንት ዓመት እንደለፋ፣ በተኩስ ሜዳ ያለ ትእዛዝ መሣሪያ ማንሣት ከውድድር እንደሚያስወጣ ንገሯቸው።

ባዶ ናት የተባለችው

ወደ ቤታችን እንመለስ። በየአገሩ በሽጉጥ ከሚደርሱ የቤት ውስጥ አደጋዎች አንዱ ዓይነት ሁልጊዜ ይደጋገማል። አባት ካርታውን ከመያዣው ያወጣል፤ ጥይቶቹ ካርታው ውስጥ ስለሚታዩ ሽጉጡ ባዶ ሆነ ብሎ ያስቀምጣል። ነገር ግን ከዚያ በፊት ተቀባብላ ከነበረ አንድ ጥይት ቀድማ ጎርሳለች። ካርታው ሲወጣ እሷ አትወጣም። ከአብዛኞቹ ሽጉጦች ካርታው ቢነቀልም ቃታው ከተሳበ የጎረሰችው ጥይት ትተኮሳለች። «ካርታው እኮ ጠረጴዛው ላይ ነበር» የሚለው ቃል ከስንት አደጋ በኋላ ተነግሯል።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ሊገለበጥ አይገባም። ጣት ከቃታ ውጪ፣ አፈሙዝ ሰው ወደሌለበት፣ በጣም የተሻለው ወደ አፈር። ካርታው ይወጣል። ከዚያ በኋላ የላይኛው ብረት ወደ ኋላ ተስቦ የጎረሰችው ጥይት እንድትወጣ ይደረጋል። ከዚያ በዓይን ይታያል፤ በትንሽ ጣትም ይዳሰሳል፤ በተለይ ዓይናቸው ለደከመ አያቶች ዳሰሳው አይቅር። ካርታው ገና ሳይወጣ ብረቱ ቀድሞ ከተሳበ የወጣችውን ተክታ ሌላ ጥይት ትጎርሳለች፤ ባለቤቱ አንዲት ጥይት ስትወጣ ስላየ ብቻ ባዶ መሰለው። እዚህ ላይ ነው ስሕተቱ።

የቶካሬቭን ነገር ለብቻው ማንሣት አለብኝ፤ በአረጋውያን እጅ የሚገኘው ብዙ ጊዜ እሱ ነውና። የጥንቱ የሶቪየት ቶካሬቭ እንደ ማካሮቭ በአውራ ጣት ወደ ላይ የሚገፋ መጠበቂያ የለውም። ያለው መከላከያ መዶሻው በከፊል ሲሳብ የሚይዝበት ግማሽ እርከን ብቻ ነው። በአረጀ ብረት ላይ ያ እርከን ከተበላ ሽጉጡ መሬት ላይ ወድቆ ሊተኩስ ይችላል። አያታችን «መጠበቂያዋ ተቆልፏል» ካሉ ዓይነቷን ጠይቁ፤ ምናልባት መጠበቂያ የሌላት ትሆናለች።

ከሁሉም የከፋችው ግን «የቱርክ ሽጉጥ» በሚል ስም የምትዘዋወረው ናት። ከእነዚህ መካከል ስትሠራ ለድምፅ ብቻ የታሰበች፣ እርሳስ የማትተኩስ የነበረች፣ በኋላ አፈሙዟ ተበስቶ ወይም ተቀይሮ እውነተኛ ጥይት እንድትተኩስ የተደረገች አለች። አካሏ ከጠንካራ ብረት ሳይሆን ከቀላል ቅይጥ የተሠራ ስለሆነ የእውነተኛ ጥይትን ግፊት አትችልም፤ በተኳሹ እጅ ልትፈነዳ ትችላለች። ውጪዋ አዲስና የሚያብለጨልጭ መሆኑ ምንም ማረጋገጫ አይደለም።

ልጁ አያገኛትም የሚል አባት

እ.ኤ.አ. በ2001 በአሜሪካ የታተመ አንድ ጥናት አለ፤ ለወላጆች በተነገረ ቁጥር ዝምታ ያሰፍናል። ተመራማሪዎቹ ዕድሜያቸው ከ8 እስከ 12 ዓመት የሆኑ 64 ወንዶች ልጆችን በትንንሽ ቡድን አድርገው አንድ ክፍል ውስጥ ለ15 ደቂቃ ተዉአቸው። በመሳቢያዎቹ ውስጥ ሁለት የውሃ ሽጉጦችና አንድ እንዳይተኩስ የተደረገ እውነተኛ ሽጉጥ ተደብቀው ነበር። 48ቱ ልጆች እውነተኛውን አገኙት። 30ዎቹ አንሥተው ያዙት። 16ቱ ቃታውን ሳቡ። ካገኙት ልጆች ግማሽ የሚሆኑት መጫወቻ ይሁን እውነተኛ እርግጠኛ አልነበሩም። ከነኩት ወይም ከሳቡት ልጆች ከ90 በመቶ በላይ የሚሆኑት ስለ መሣሪያ አደጋ አስቀድመው የተነገራቸው ነበሩ። ወላጆቻቸው «የእኔ ልጅ ለሽጉጥ ፍላጎት የለውም» ያሏቸውም ልጆች ከሌሎቹ አልተለዩም።

ልጁ ትንሽ ነው፣ አቅም የለውም የሚለው መጽናኛም አያዋጣም። እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣ ሌላ የአሜሪካ ጥናት የልጆችን የጣት ጉልበት ለክቶ ነበር። ከ3 እስከ 4 ዓመት ካሉት ሩቡ፣ ከ5 እስከ 6 ዓመት ካሉት 70 በመቶው፣ ከ7 እስከ 8 ዓመት ካሉት 90 በመቶው የብዙ ሽጉጦችን ቃታ መሳብ የሚችል ጉልበት እንዳላቸው ተገኘ። ትንሽ ልጅ በአንድ ጣት ሲያቅተው ሽጉጡን አዙሮ በሁለት አውራ ጣቱ ይገፋል፤ ያኔ አፈሙዙ ወደ ራሱ ነው።

እንግዲህ ምክር ብቻ አይበቃም ማለት ነው። ልጅን «አትንካ» ማለት ይገባል፤ «ብታይ አትንካ፣ ከክፍሉ ውጣ፣ ለትልቅ ሰው ንገር» ተብሎ ይደጋገምለት። ነገር ግን ኃላፊነቱ የልጁ ሊሆን አይችልም። እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ ሰፋ ያለ ጥናት ልጆችና ወጣቶች ባሉባቸው ቤቶች አራት ነገሮች አደጋውን ከመቀነስ ጋር እንደሚያያዙ አሳይቷል፤ ሽጉጡ ሲቆለፍ፣ ሽጉጡ ባዶ ሲሆን፣ ጥይቱ ሲቆለፍ፣ ጥይቱ ከሽጉጡ ተለይቶ ሲቀመጥ።

በእኛ ቤት ይህ ምን ማለት ነው? ትራስ ሥር፣ ፍራሽ ሥር፣ ብፌ ውስጥ፣ ከቡና ረከቦቱ ጀርባ፣ ቁም ሣጥን ላይ፤ እነዚህ ሁሉ መደበቂያ እንጂ መቆለፊያ አይደሉም። በቁልፍ የሚዘጋ፣ ግድግዳ ላይ ወይም ወለል ላይ በብሎን የታሰረ ትንሽ የብረት ሣጥን ይበቃል። ብየዳ ቤት ሄዶ ማሠራትም ይቻላል፤ ካዝና መግዛት የግድ አይደለም። ጥይቱ በሌላ ቦታ በሌላ ቁልፍ። ቁልፉ ደግሞ ከቤቱ ቁልፎች ጋር በአንድ ማንጠልጠያ ከተሰካ ሥራው ሁሉ ከንቱ ነው፤ የቤት ቁልፍ በቀን አሥር ጊዜ ለልጅ ይሰጣልና።

«ሌባ ሲመጣ ቁልፍ ስፈልግ ልሞት ነው?» የሚል ጥያቄ ይመጣል። ተገቢ ጥያቄ ነው። መልሴ ይህ ነው፤ ሌባው በዓመት አንድ ሌሊት ይመጣ ወይም ጭራሽ አይመጣ ይሆናል፤ ልጁ ግን በየቀኑ ከትምህርት ቤት ይመለሳል።

በዚህ ክፍል ሳልናገረው ማለፍ የማልችለው ነገር አለ። ቤት ውስጥ በትምህርት ውጤት፣ በፍቅር፣ በሱስ ወይም ምክንያቱ ባልታወቀ ሐዘን የተጨነቀ ወጣት ካለ መቆለፍ በቂ አይደለም። ሽጉጡ ከቤት ይውጣ። ሕጉ በሚፈቅደው መንገድ ለፖሊስ ይሰጥ። ያ ሐሳብ በሰው ላይ የሚጸናው ብዙ ጊዜ ለጥቂት ደቂቃ ወይም ሰዓት ነው፤ በዚያች ሰዓት በእጅ የሚገኘው ነገር ዕጣውን ይወስናል። ወጣቱን በግልጽ መጠየቅ ሐሳቡን አያስጀምርም፤ ጠይቁት፤ ሐኪም ዘንድም ውሰዱት።

ወልዋዩ አያት

የድሮ ወታደር መሣሪያውን ሲወለውል አይቶ ያደገ ሰው ያን ሽታ አይረሳም፤ የላምባና የዘይት፣ የአሮጌ ጨርቅ። አንዳንድ አያት የልጅ ልጆቹን ሰብስቦ እየወለወለ ታሪክ ያወጋል። ደስ ይላል፤ ግን ሁለት ነገር ላንሣ።

አንደኛው እርሳስ ነው። የሀያ ሁለት ጥይት ብዙ ጊዜ ሽፋን የሌለው ልሙጥ እርሳስ ስለሆነ ከተተኮሰ በኋላ አፈሙዙ ውስጥ ጥቁር ጥላሸትና የእርሳስ ብናኝ ይቀራል። እርሳስ ለትናንሽ ልጆች አእምሮ መርዝ ነው፤ ለነፍሰ ጡርም አይሆንም። ስለዚህ መወልወሉ በምግብ ጠረጴዛ ላይ፣ ልጅ ባለበት፣ በተዘጋ ክፍል አይደረግ። በረንዳ ላይ አሮጌ ጋዜጣ ዘርግቶ ይወልውሉ፤ ጨርቁ ይጣል፤ እጅ በሳሙና ይታጠብ፤ የለበሱት ልብስ ከሕፃን ልብስ ጋር አይታጠብ። ጥይትም በዚያ በረንዳ ላይ አይገኝ። ሲያጸዱ ተኮሰች የሚባለው ሁሉ ጥይትና ሽጉጥ አንድ ቦታ ስለተገናኙ ነው።

ሁለተኛው ዘይት ነው። ብዙ ዘይት ብዙ ጥበቃ ይመስላል፤ አይደለም። የበዛ ዘይት አቧራና ጥላሸት ሰብስቦ ጭቃ ይሠራል፤ መርፌውን ያዘገየዋል። መወልወያ ዘንግ በጨርቅ ከጥይቱ ቤት በኩል ገብቶ በአፈሙዙ ቢወጣ ይመረጣል፤ በአፈሙዝ በኩል በግድ ሲገፋ ጫፉን ይቧጭራል። ከጸዳ በኋላ ስስ ዘይት በጨርቅ ይቀባል፣ ትርፉም ይወለወላል። ከተማችን ሐይቅ ዳር ናትና በክረምት እርጥበቱ ለብረት አይመችም። ሽጉጥን በቆዳ ማኅደሯ ውስጥ አድርጎ ለወራት ማስቀመጥ ግን ከእርጥበቱ የባሰ ነው፤ ቆዳው ውሃ ይስባል፣ የተለፋበት ጨውም ብረቱን ያዝገዋል። ማኅደሩ ለብቻ፣ ሽጉጡ ለብቻ።

በሀያ ሁለት ላይ የሚደረግ አንድ ልማድ ደግሞ አለ፤ ባዶ ሽጉጥ እየደጋገሙ ቃታ መሳብ። በብዙዎቹ ባለ ሀያ ሁለት ሽጉጦች መርፌው ጠርዙን እንዲመታ ስለተሠራ ቀለህ ከሌለ የሚመታው የጥይቱን ቤት ጫፍ ነው፤ ብረቱ ይጎዳል፣ በኋላ ጥይት መጉረስ ያስቸግራታል። ልጅ ፊት ሲደረግ ደግሞ ትምህርቱ መጥፎ ነው፤ አባቱ እየሳቀ ቃታ ሲስብ ያየ ልጅ ቃታ የሚሳብ ነገር መሆኑን ተማረ።

«ቃታዋን አላሉልኝ»

የሽጉጥ ባለቤት ሲደላው የሚያምረው ነገር ማስተካከል ነው። ቃታዋ ጠነከረችብኝ፣ ሞላዋ ይቆረጥልኝ፣ ትሞረድልኝ እያለ ቶርኖ ቤት ይወስዳታል። የቃታ ጥንካሬ ጉድለት ሳይሆን ጥበቃ ነው። በኦሊምፒክ የ25 ሜትር ውድድር፣ ዕድሜ ልካቸውን የሠለጠኑ ሰዎች በሚተኩሱበት ሜዳ እንኳ፣ የሽጉጡ ቃታ ቢያንስ የ1 ሺህ ግራም ክብደት ካልተሸከመ ውድድር አይገባም፤ ዳኛ እየመዘነ ያረጋግጣል። የዓለም ሻምፒዮኖች የማይፈቀድላቸውን ልስላሴ በሰፈር ሞረድ ማምጣት ምን ይባላል? ሞላ ሲቆረጥ፣ የመዶሻው ጥርስ ሲሞረድ፣ ሽጉጥ ስትወድቅ ወይም ስትነካካ ራሷ የምትተኩስበት መንገድ ይከፈታል። ጥገናም በሕግ ፈቃድ የሚሻ ሥራ ነው። የተበላሸች ሽጉጥ ዕድሏ አንድ ነው፤ ጥይቷ ወጥቶ ወደ ፖሊስ መሄድ።

ወረቀቱ በማን ስም ነው?

የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012ን ያጸደቀው ታኅሣሥ 30 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው፤ ከገና ማግሥት በኋላ ማለት ነው። በጊዜው በአንድ ዓመት ውስጥ ከ33 ሺህ በላይ ሽጉጦች በቁጥጥር ሥር መዋላቸው ተነግሮ ነበር። አዋጁ መሣሪያ የሚይዝ ሰው ፈቃድ እንዲኖረው ይጠይቃል፣ የዕድሜ ወሰን ያስቀምጣል፣ የመሣሪያ ዓይነትም ይገድባል። ያለ ፈቃድ መያዝ እስከ 3 ዓመት፣ ማዘዋወርና በብዛት ማከማቸት ከ8 እስከ 20 ዓመት እስራት ሊያስከትል ይችላል።

ቤተሰብን በቀጥታ የሚነካው ግን ፈቃዱ በሰው ስም መሆኑ ነው። አባት ሲያርፉ ለቅሶው፣ ሠልስቱ፣ አርባው ይደርሳል፤ ውርስ ሲነሣ ቤቱና መሬቱ ይወራል፤ ሽጉጡ ግን ማንም ሳያነሣው ትልቁ ወንድ ልጅ ቁም ሣጥን ውስጥ ይገባል። ትልቁ ልጅ በአባቱ ወረቀት ታጣቂ አይሆንም። የሟችን ወረቀትና ሽጉጥ ይዞ ፖሊስ ዘንድ ቀርቦ ምን እንደሚደረግ መጠየቅ ይገባል። ደግሞ መሣሪያውን ራሳችሁ በከረጢት ይዛችሁ በባጃጅ አትጓዙ፤ አስቀድማችሁ ሂዱና አሳውቁ፣ እነሱ እንዴት እንደምታመጡ ይንገሯችሁ። ሲዳማ በሰኔ 2012 ዓ.ም. ራሱን የቻለ ክልል ከመሆኑ በፊት በደቡብ ክልል ማኅተም የተሰጠ አሮጌ ወረቀት ያላችሁም ዛሬ የሚያገለግል መሆኑን ሄዳችሁ አረጋግጡ። ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ።

ልጅ ባነሣው ሽጉጥ ሰው ቢሞትስ? የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 543 በቸልተኝነት ሰው የገደለን ከ6 ወር እስከ 3 ዓመት በሚደርስ ቀላል እስራት ወይም ከ2 ሺህ እስከ 4 ሺህ ብር በሚደርስ መቀጮ ይቀጣል። ክፍት ቦታ ትቶ የሄደ ባለቤት የት እንዳስቀመጠው መጠየቁ አይቀርም። ፍርድ ቤቱ የሚወስነው እንዳለ ሆኖ ከሟች ወገን ጋር የሚቀረው የሽምግልና ነገር ደግሞ ሌላ ነው፤ ሁለት ቤተሰብ ለዓመታት ዓይን ለዓይን አይተያይም።

ስለ ሠርግና ለቅሶ ተኩስ ብዙ አልልም፤ ሁሉም ያውቀዋልና። ወደ ሰማይ የተተኮሰ ጥይት ሰማይ አይቀርም፤ ሰያፍ ሆኖ ከወጣ ፍጥነቱን እንደያዘ ሌላ ሰፈር ይወርዳል። እድሮች በመተዳደሪያ ደንባቸው ላይ አንዲት መስመር ቢጨምሩ፣ በቀብር የሚተኩስ አባል እንደሚቀጣ ቢጽፉ ከፖሊስ ማስታወቂያ ይልቅ የሚሰማ ይመስለኛል። የበዓል የላስቲክ ሽጉጥም ለዓይን አደገኛ ነው፤ ከእውነተኛው ጋር በሚመሳሰል ቀለም የተሠራውን ደግሞ ባትገዙ ይመረጣል፤ ልጁ እውነተኛውን ሲያገኝ መጫወቻ መስሎት እንዳይሳሳት።

የሚቀረው የጎረቤት ቤት ነው። የራሳችሁን ቤት አጸዳችሁ፤ ልጃችሁ ግን ቅዳሜ ከጓደኛው ጋር ሊያጠና ወይም ኳስ ሊያይ ይሄዳል። «መሣሪያ አላችሁ?» ብሎ መጠየቅ በባህላችን ነውር ይመስላል፤ ቤትን እንደ መሰለል ይቆጠራል። ከሌሎች ጥያቄዎች ጋር ካነሣችሁት ግን ይቀላል። «እትዬ፣ ልጄ ዛሬ እናንተ ጋ ሊውል ነው። ውሻችሁ ታስሯል? ኦቾሎኒ ስለማይስማማው እንዳትሰጡት። ደግሞ ጋሽዬ መሣሪያ ካላቸው ተቆልፎ እንደሆነ ልጠይቅ ብዬ ነው፤ ልጄ ሁሉን የሚነካካ ነው።» በልጅ ያሳብቡ። ለዚህ ጥያቄ የምትቆጣ እናት ብዙ አትገኝም፤ እሷም ልጇን ወደ እናንተ ቤት ልትልክ ነውና።